ኸርበርት ቻፕማን፤ ሦስተኛው ዋንጫ ሁለቴ ያመለጠው አሰልጣኝ

አንድ አሰልጣኝ ክለቡን ትቶ ወደ ሌላ ክለብ ሲሄድ የደጋፊው ክርክር የትም አገር ያው ነው። ግማሹ ገንዘብ አሳወረው፣ ከዳን፣ ያሳደግነው እኛ ነን ይላል። ሌላው ደግሞ ሰው ነው፣ ሥራ ነው፣ የተሻለ ካገኘ ለምን አይሄድም ብሎ ይሟገታል። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ይጨቃጨቃሉ። መጨረሻ ላይ ሁለቱም አይሸነፉም፤ አሰልጣኙ ግን ሄዷል።

ለዚህ ክርክር ከእንግሊዝ እግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ከኸርበርት ቻፕማን የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። የመድፈኞቹ ደጋፊ የሆነ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። አርሰናልን አርሰናል ያደረገው እሱ ነው ሲባል ሰምቷል። ነገር ግን ሰውየው ወደ ሃይበሪ ከመምጣቱ በፊት በእንግሊዝ ምርጡን ቡድን በእጁ ይዞ እንደነበር፣ ሁለት ዋንጫ በተከታታይ በልቶ ሦስተኛው ከፊቱ ቁጭ ብሎ ሳለ ሻንጣውን ሸክፎ እንደሄደ ብዙዎቻችን ልብ አንልም። ሐደርስፊልድ ይባላል ክለቡ። ዛሬ ስሙ ሲጠራ ለብዙ ወጣት ደጋፊ ብዙም ትዝ የማይለው ይሄ ክለብ በ1920ዎቹ የእንግሊዝ ንጉሥ ነበር።

የማዕድን ቆፋሪው ልጅ

ቻፕማን የተወለደው እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 19 ቀን 1878 በሼፊልድ አቅራቢያ ባለች ኪቨተን ፓርክ በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ነው። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር። በዚያ ዘመን የከሰል ቆፋሪ ልጅ ዕጣው ያው ጉድጓድ ነው። ኸርበርት ግን ጭንቅላት ነበረውና በሼፊልድ የቴክኒክ ኮሌጅ የማዕድን ምህንድስና ተማረ። ከኳሱ ጎን ለጎን ሙያውን አልጣለም።

በተጫዋችነቱ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ተራ ነበር። የቤተሰቡ ኮከብ ታናሽ ወንድሙ ሃሪ ነው። ሃሪ ከዌንስዴይ ጋር እ.ኤ.አ በ1903 እና በ1904 የሊግ፣ በ1907 ደግሞ የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫ አንስቷል። ኸርበርት በበኩሉ ከክለብ ክለብ ሲዞር ነው የኖረው። ሮችዴል፣ ግሪምስቢ፣ ስዊንደን፣ ሼፊልድ ዩናይትድ፣ ኖትስ ካውንቲ፣ ኖርዝሃምፕተን... ዝርዝሩ ይረዝማል። የአርሰናል ደጋፊ ይቅር ይበለውና ለቶተንሃምም ተጫውቷል። ቶተንሃም እያለ ከክህሎቱ ይልቅ የሚታወሰው በሚያደርገው ቢጫ ጫማ ነው።

እ.ኤ.አ በ1907 ኖርዝሃምፕተን ታውን በሳውዘርን ሊግ ግርጌ ተዘርሮ ሳለ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ እንዲሠራ ተጠራ። ቻፕማን እዚህ ነው ራሱን ያገኘው። ያን ጊዜ ቡድን ማለት አሥራ አንድ ሰው ሜዳ ገብቶ እንደ ቀናው የሚሮጥበት ነበር፤ ከጨዋታ በፊት ቁጭ ብሎ በዘዴ መነጋገር ብዙም አልተለመደም። እሱ ግን ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ማውራት፣ ማቀድ ጀመረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1909 ኖርዝሃምፕተን የሳውዘርን ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያስ? ከዚያማ እ.ኤ.አ በ1912 ሊድስ ሲቲ ጠራውና ሄደ። የመጀመሪያው መሄድ ይሄ ነው።

ዕድሜ ልክ ታገደ

ሊድስ ሲቲ (የዛሬው ሊድስ ዩናይትድ አይደለም፣ ከእሱ በፊት የነበረ ክለብ ነው) በሁለተኛ ዲቪዚዮን ከታች ወደ ላይ የሚያይ ቡድን ነበር። ቻፕማን በመጀመሪያው ዓመት ስድስተኛ፣ በሁለተኛው አራተኛ አደረገው። ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ለመግባት ጥቂት ሲቀረው የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ነገሩን ሁሉ አቋረጠው። ቻፕማን ለጦርነቱ እገዛ ብሎ በሊድስ አጠገብ ባለው ባርንቦው በተባለ የጥይት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ገባ። የሚገርመው የኋላ ክለቡ አርሰናልም በ1886 የተመሠረተው በዉሊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው። መድፈኞቹ የተባሉትም ለዚሁ ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ጉድ ፈላ። ሊድስ ሲቲ በጦርነቱ ዓመታት በእንግድነት ለሚጫወቱለት ተጫዋቾች ሕገ ወጥ ክፍያ ፈጽሟል ተብሎ ተከሰሰ። ሊጉ የሒሳብ መዝገብ አምጡ ሲል ክለቡ አልሰጥም አለ። ውጤቱ በእንግሊዝ እግር ኳስ ያልታየ ቅጣት ሆነ። እ.ኤ.አ ኦክቶበር 1919 ሊድስ ሲቲ ከሊጉ ተባረረ፤ ፈረሰም። ተጫዋቾቹ በሊድስ ሜትሮፖል ሆቴል እንደ ዕቃ በጨረታ ተሸጡ። ቻፕማንን ጨምሮ የክለቡ ኃላፊዎች ከእግር ኳስ ዕድሜ ልክ ታገዱ።

ስለዚህ በ41 ዓመቱ ቻፕማን ኳስ የተባለ ነገር አልቆለት ነበር። ሴልቢ በምትባል ከተማ በአንድ የዘይትና የከብት መኖ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ማንም ስሙን አያነሳም ነበር።

ያነሳው ክለብ

ሐደርስፊልድ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሞሉባት የዮርክሻየር ከተማ ነች። በዚያ ላይ የራግቢ አገር ነች። እንዲያውም ራግቢ ሊግ የሚባለው ስፖርት እ.ኤ.አ በ1895 የተወለደው እዚያው ከተማ በሚገኝ ጆርጅ በተባለ ሆቴል ውስጥ ነው። እግር ኳስ እዚያ የእንጀራ ልጅ ነበር። ሊድስ ሲቲ በፈረሰበት በዚያው በ1919 የሐደርስፊልድ ባለሀብት የነበሩት ሰው ክለቡ ገንዘብ ስለማያስገባ ጠቅልለው ወደ ሊድስ ሊወስዱት ተነሱ። የከተማው ሰው ግን እምቢ አለ። ገንዘብ አዋጥቶ፣ ጮኾ፣ ተሟግቶ ክለቡን አስቀረ። በዚያው የውድድር ዘመን ቡድኑ ለኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ደረሰ፤ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮንም አደገ። ይህን ልብ በሉልኝ። የሐደርስፊልድ ደጋፊ ክለቡን ከኪሱ አውጥቶ የገዛ ደጋፊ ነው።

ይሄ ክለብ ነው እንግዲህ ቻፕማንን ከዘይት ፋብሪካ ያወጣው። ሕገ ወጥ የተባለው ክፍያ ሲፈጸም ሰውየው ጥይት ፋብሪካ ውስጥ ነበር እንጂ ክለቡን አይመራም ነበር ብለው የሐደርስፊልድ ኃላፊዎች ተከራከሩለት። እገዳው ተነሳ። እ.ኤ.አ በ1921 መጀመሪያ ምክትል ሆኖ ገባ፣ ወር ገደማ ሳይቆይ ዋናውን ቦታ ያዘ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማመን ይከብዳል። ክሌም ስቲቨንሰን የተባለ፣ ጉልበቱ ያለቀ የመሰለ ነገር ግን ጨዋታ የሚያነብ አማካይ ከአስቶን ቪላ አስመጣና ቡድኑን በእሱ ዙሪያ ሠራ። ዋናው ቡድን፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ኳስ እንዲጫወቱ አዘዘ። ከታች የሚያድገው ልጅ ላይ ሲደርስ ግራ እንዳይገባው ማለት ነው። ዛሬ ይሄ የትልቅ ክለብ ፍልስፍና ተብሎ ይወራል፤ ቻፕማን መቶ ዓመት ቀድሞ ይሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ በ1922 ፕሪስተንን በቢሊ ስሚዝ ፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 አሸንፈው ኤፍ ኤ ካፑን ወሰዱ።

የ1924ቱ የሊግ ዋንጫ ደግሞ በትንፋሽ የተበላ ነው። በመጨረሻው ቀን ሐደርስፊልድ ኖቲንግሃም ፎረስትን 3 ለ 0 ሲረታ መሪው ካርዲፍ ሲቲ በርሚንግሃም ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ያለ ግብ ተለያየ። ሁለቱም 57 ነጥብ ያዙ። ያን ጊዜ የሚለየው ያገባኸውን ግብ ለገባብህ በማካፈል ነበር። ሐደርስፊልድ 60 አግብቶ 33 ገባበት፤ ካርዲፍ 61 አግብቶ 34 ገባበት። ካልኩሌተር ያለው ያስላው። ልዩነቱ 0.024 ነው! በዛሬው የግብ ክፍያ ቢሆን ሁለቱም በ27 ይተካከሉና ብዙ ባገባ ተብሎ ዋንጫው ወደ ዌልስ ይሄድ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ግን ሒሳብ አላስፈለገም። በ42 ጨዋታ የገባበት ግብ 28 ብቻ ሆኖ ሐደርስፊልድ በ1925 ዋንጫውን ደገመው። እስከዚያ ድረስ በእንግሊዝ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ አልነበረም። ሐደርስፊልድ በሩ ላይ ቆሟል።

ማስታወቂያው

እዚያ ለንደን ደግሞ አርሰናል የተባለ ችግር የበዛበት ክለብ ነበር። በ1924/25 የውድድር ዘመን 20ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ለጥቂት ነው ከመውረድ የተረፈው። ሊቀመንበሩ ሰር ሄንሪ ኖሪስ አሰልጣኙን ሌስሊ ናይተንን አባረሩና እ.ኤ.አ ሜይ 1925 አትሌቲክ ኒውስ በተባለ ጋዜጣ ላይ የቅጥር ማስታወቂያ አወጡ። ማስታወቂያው በብዙ ገንዘብ ተጫዋች በመግዛት ብቻ ቡድን የሚሠራ ሰው ባያመለክት ይሻላል የሚል ነበር። ያመለከተው ቻፕማን ሲሆን፣ ኋላ በዓለም ውድ ተጫዋች የሚገዛው አሰልጣኝ እሱ መሆኑ ያስቃል።

ደመወዙ በዓመት 2,000 ፓውንድ ነው ተባለ። ያን ጊዜ የአንድ ተጫዋች ከፍተኛው ደመወዝ በሳምንት 8 ፓውንድ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ አላሳየውም ብሎ የሚከራከር ካለ አይስማማኝም። ግን ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ሐደርስፊልድ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖም ስታዲየሙን መሙላት የሚቸግረው ክለብ ነበር። ከተማዋ ትንሽ፣ ራግቢው ጎረቤት። ለንደን ደግሞ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ከተማ ሆና አንድም ክለቧ የሊግ ዋንጫ በልቶ አያውቅም። ቻፕማን እዚያ ባዶ መሬት አየ። ሄደ።

እንግዲህ ደጋፊ ሆናችሁ አስቡት። የዕድሜ ልክ እገዳ ያስነሳችሁለት ሰው፣ ከዘይት ፋብሪካ ያወጣችሁት ሰው፣ ታሪክ ሊሠራ አንድ ዓመት ሲቀረው ጥሏችሁ ሲሄድ ምን ትላላችሁ? ከዳተኛ ብትሉ ማን ይፈርድባችኋል?

የሐደርስፊልድ መልስ ግን በሜዳ ነበር። በ1925/26 አዲሱ አሰልጣኝ ሴሲል ፖተር ቻፕማን የሠራውን ቡድን ይዞ ሦስተኛውን ዋንጫ በላ። 57 ነጥብ። ሁለተኛ ማን ሆነ? የቻፕማን አርሰናል፣ በ52 ነጥብ! በእንግሊዝ ታሪክ የመጀመሪያው የሦስት ተከታታይ ዋንጫ ባለቤት ሐደርስፊልድ ሆነ፤ ሠሪው ግን በተቃራኒው ወገን ቁጭ ብሎ አየው።

አምስት ዓመት

አርሰናል እንደገባ ቻፕማን ዋንጫ ለማምጣት አምስት ዓመት ያስፈልገኛል አለ። መጀመሪያ ያደረገው ቻርሊ ቡካንን ከሰንደርላንድ ማምጣት ነው። ሒሳቡም ጉድ ነው። 2,000 ፓውንድ በእጅ፣ ከዚያ በመጀመሪያው ዓመት ለሚያገባት ለእያንዳንዷ ግብ 100 ፓውንድ። ቡካን 21 አገባና ሰንደርላንድ በጠቅላላው 4,100 ፓውንድ አገኘ።

ያ ዓመት የኦፍሳይድ ሕግ የተለወጠበት ነው። ከዚያ በፊት አጥቂው ኦፍሳይድ እንዳይሆን በፊቱ ሦስት ተቃራኒ ተጫዋች መኖር ነበረበት፤ በ1925 ወደ ሁለት ወረደ። ተከላካዮች ተደናበሩ። በአንደኛ ዲቪዚዮን የገባው ግብ ከ1,192 ወደ 1,703 ዘለለ። አርሰናልም ኦክቶበር 3 ቀን 1925 በኒውካስል 7 ለ 0 ተደበደበ። ቡካን መሐል የሚጫወተው አማካይ ወደ ኋላ ወርዶ ሦስተኛ ተከላካይ ይሁን የሚል ሐሳብ ነበረውና ቻፕማን ተቀበለው። ለሚጎድለው መሐል ሜዳ ደግሞ ከአጥቂዎቹ አንዱ ወደ ኋላ እንዲሳብ ተደረገ። ከሁለት ቀን በኋላ ዌስትሃም በሜዳው 4 ለ 0 ተሸነፈ። ደብሊው ኤም የተባለውና ለሃያና ሠላሳ ዓመት እንግሊዝን የገዛው አሰላለፍ እንዲህ ነው የተጀመረው። ሐሳቡ የተጫዋቹ ነበር ብሎ ቻፕማንን ማሳነስ ግን አይገባም። በዚያ ዘመን የተጫዋችን ምክር ቁጭ ብሎ የሚሰማ አሰልጣኝ ስንቱ ነበር?

ቢሆንም ዋንጫው ቶሎ አልመጣም። በ1927 አርሰናል ለመጀመሪያ ጊዜ ለኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ደረሰና በረኛው ዳን ሉዊስ ቀላል ኳስ ከእቅፉ አምልጣው በካርዲፍ 1 ለ 0 ተሸነፈ። በ1929 ደግሞ ሊቀመንበሩ ኖሪስ ራሳቸው በገንዘብ ጉዳይ ከእግር ኳስ ታገዱ። ቻፕማን ግን ቡድኑን ጡብ በጡብ መሥራቱን አላቆመም። ኤዲ ሃፕጉድ፣ ኸርቢ ሮበርትስ፣ ጃክ ላምበርት መጡ። ከኤክስተር ገና 17 ዓመቱ የሆነውን ክሊፍ ባስቲንን ወሰደ። ከፕሪስተን በ8,750 ፓውንድ ቁምጣው ጉልበቱን አልፎ የሚወርደውን አሌክስ ጄምስን አመጣ።

የዴቪድ ጃክ ዝውውር ደግሞ ለብቻው ተረት ነው። በ1928 ቦልተን የጠየቀው ገንዘብ በዓለም ተከፍሎ አያውቅም። የሚነገረው እንዲህ ነው። ቻፕማን ድርድሩን ሆቴል ውስጥ አደረገና አሳላፊውን አስቀድሞ ጠርቶ ለእንግዶቹ ጠንከር ያለ መጠጥ በድርብ እንዲቀዳ፣ ለእሱ ግን መልኩን የሚመስል አልኮል የሌለበት እንዲሰጠው ነገረው። ቦልተኖች ሞቅ ሲላቸው ዋጋው ወረደ፣ 10,890 ፓውንድ ላይ ተስማሙ። ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ የተከፈለበት የመጀመሪያው ተጫዋች ጃክ ነው።

ዌምብሌይ ላይ ተገናኙ

እ.ኤ.አ ኤፕሪል 26 ቀን 1930። አምስት ዓመት ያለው ሰው አምስተኛ ዓመቱ ላይ ነው። የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ፣ አርሰናል ከማን ጋር? ከሐደርስፊልድ! የሐደርስፊልድ አሰልጣኝ ማነው? ቻፕማን ራሱ ከቪላ ያመጣው፣ የዋንጫዎቹ ዘመን አምበል ክሌም ስቲቨንሰን! ፊልም ላይ ቢሠራ ውሸት ነው ይባል ነበር።

የዚያን ቀን ለቻፕማን ክብር ሲባል ሁለቱ ቡድኖች ጎን ለጎን ሆነው ወደ ሜዳ ገቡ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ለብቻው ነበር የሚገባው። ዛሬ በየፍጻሜው የምናየው የሁለት ቡድኖች አብሮ መግባት ያን ቀን የተጀመረ ነው። ግራፍ ዜፔሊን የተባለው የጀርመን ትልቅ አየር መርከብ ከስታዲየሙ በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ጄምስ አንድ፣ ላምበርት አንድ አግብተው አርሰናል 2 ለ 0 አሸነፈ። የአርሰናል የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ይሄ ነው። የተገኘውም ያሳደገውን ክለብ አሸንፎ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። በ1931 በ66 ነጥብና በ127 ግብ አርሰናል የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ከደቡብ እንግሊዝ ሊጉን የበላ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። በ1932 በሊጉም በኤፍ ኤ ካፑም ሁለተኛ ሆነ። በ1933 ሊጉን ደገመው። ያም ሆኖ መውደቅም ነበር። በዚያው በ1933 ጃንዋሪ ላይ በኤፍ ኤ ካፕ የሦስተኛ ዲቪዚዮኑ ዋልሶል 2 ለ 0 አሰናበተው። በዚያ ጨዋታ ፍጹም ቅጣት ምት ያሰጠው ቶሚ ብላክ ሳምንት ሳይሞላ ወደ ፕሊመዝ ተሸጠ። ቻፕማን ሲቆጣ ቀልድ አያውቅም።

ከሜዳ ውጪም ጭንቅላቱ አያርፍም ነበር። በ1928 ተጫዋቾቹን በጀርባቸው ቁጥር አስለጥፎ አስገባ፤ ሊጉ ቁጥርን ግዴታ ያደረገው በ1939 ነው። ሃይበሪ ላይ መብራት አስተከለ፤ ባለሥልጣናቱ ለውድድር ስለከለከሉት ለልምምድ ብቻ ዋለ። አርባ አምስት ደቂቃ የሚቆጥር ትልቅ ሰዓት ሰቀለ፤ ያንንም ተቃወሙትና ወደ ተራ ሰዓት ተለወጠ። በቀዩ ማሊያ ላይ ነጩን እጅጌ ያስገባው እሱ ነው። በ1932 ደግሞ ጊሌስፒ ሮድ ይባል የነበረውን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አርሰናል አስባለው። ትኬቱም ካርታውም እንደገና ታተመ። ለንደን ውስጥ ባቡር የተሳፈረ ሁሉ የክለቡን ስም እንዲያነብ አደረገ ማለት ነው። ይህን ሐደርስፊልድ ሆኖ ማድረግ አይችልም ነበር። እውነት ለመናገር ለመሄዱ ትልቁ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ሳምንት

1934 ሲገባ አርሰናል ሊጉን እየመራ ነበር። ሁለት ዋንጫ በተከታታይ ለማድረግ እየሄደ ነው፤ ቀጥሎ ሦስተኛው አለ። ቻፕማን በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን የኖትስ ካውንቲን ጨዋታ ለማየት ወደ በሪ ሄደ፤ በማግስቱ ሼፊልድ ዌንስዴይን ሊያይ ወደ ሼፊልድ ተጓዘ። ብርድ መታው። ሐኪሙ ተኛ ቢለውም እምቢ ብሎ የአርሰናል ሦስተኛ ቡድን ጊልድፎርድ ላይ ሲጫወት ሊያይ ወጣ። ሦስተኛ ቡድን ነው ያልኩት! ቤት ሲመለስ ብርዱ ወደ ሳንባ ምች ተለወጠ። ጃንዋሪ 6 ቀን 1934 ቅዳሜ ንጋት ላይ በ55 ዓመቱ አረፈ።

ያን ቀን ከሰዓት አርሰናል በሃይበሪ ጨዋታ ነበረው። ተጋጣሚው ሼፊልድ ዌንስዴይ ነው፤ ከቀናት በፊት ሊያይ የሄደው ቡድን፣ የወንድሙ የሃሪ የቀድሞ ክለብ። 1 ለ 1 ተለያዩ። ቻፕማን ለንደን ሄንደን ውስጥ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

አርሰናል ዋንጫውን አልጣለም። ጆ ሾው ቡድኑን ይዞ በ1934 ሻምፒዮን አደረገው፤ 59 ነጥብ። ሁለተኛ ማን ሆነ? ሐደርስፊልድ፣ በክሌም ስቲቨንሰን እየተመራ፣ በ56 ነጥብ። በ1935 ጆርጅ አሊሰን ሦስተኛውን ጨመረ። አርሰናል ከሐደርስፊልድ ቀጥሎ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የበላ ሁለተኛው ክለብ ሆነ። ሁለቱንም ቡድን የሠራው አንድ ሰው ነው። ሦስተኛውን ዋንጫ ግን ሁለቱንም ጊዜ አላነሳውም። አንዱን ጊዜ በገዛ ፈቃዱ ሄዶ፣ ሌላውን ጊዜ ሞት ወስዶት።

ታዲያ ከዳተኛ ነው?

ወደ ክርክራችን እንመለስ። ከሐደርስፊልድ ወገን ያለ ደጋፊ ብዙ የሚለው አለው። ክለቡ በ1926 ካነሳው ሦስተኛ ዋንጫ በኋላ የሊግ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ሁለተኛ ሆነ፤ በ1928 እና በ1930 በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ተሸነፈ፤ በ1952 ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወረደ። በ1972 ከወረደ በኋላ ወደ ከፍተኛው ሊግ ለመመለስ እስከ 2017 ጠበቀ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ እንደገና ወረደ። ቻፕማን ቢቆይ ይሄ ሁሉ ባልሆነ ነበር ብሎ የሚቆጭ ካለ መልስ የለኝም።

ከአርሰናል ወገን ያለው ደግሞ ኤምሬትስ ስታዲየም በር ላይ እ.ኤ.አ በ2011 የቆመውን የቻፕማንን ሐውልት ያሳየዋል። ያ ሰው ባይመጣ አዲስ አበባ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀይ ማሊያ ለብሶ የሚጮኸው ሕዝብ ይኖር ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል።

እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቻፕማን ሐደርስፊልድን ሲለቅ ባዶ ቤት ትቶ አልሄደም። ያለ እሱ ሻምፒዮን መሆን የሚችል ቡድን ትቶ ነው የሄደው። አርሰናል ላይም ሲሞት እንደዚሁ። ተከታዮቹ በሠራው ቤት ገብተው ዋንጫ አነሱበት። ብዙ አሰልጣኝ ሲሄድ ቡድኑ አብሮት ይፈርሳል፤ ደጋፊውም እሱ እያለ ነበር እያለ ሲቆዝም ይኖራል። ስለዚህ አሰልጣኝ ሲሄድ ለምን ሄደ ብሎ ከመጣላት ይልቅ ምን ትቶ ሄደ ብሎ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። የሐደርስፊልድ ሰው የተናደደው በሄደበት ነው፤ ሦስተኛውን ዋንጫ ያገኘው ግን ትቶለት በሄደው ነው።

ከዳተኛ ነው የምትሉም፣ ሥራው ነው የምትሉም፣ ክርክሩን ቀጥሉበት። ሌላው ቢቀር በሚቀጥለው ፍጻሜ ሁለት ቡድኖች ጎን ለጎን ሆነው ሲገቡ ስታዩ ነገሩ የተጀመረው በአንድ አሰልጣኝ መሄድ ምክንያት እንደሆነ አስታውሱ። የለቀቀው ክለብና የሄደበት ክለብ ለአንድ ሰው ክብር አብረው የገቡበት ቀን ነበር።